እርማት፦ የተሸጠ ትኬት ብዛት የተሳፋሪ ፍላጎት ልክ አይደለም

«የባቡር ተሳፋሪን ፍላጎት ለማወቅ ባለፈው ዓመት የተሸጠውን ትኬት መቁጠር ይበቃል» የሚለውን አስተያየት ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ የትኬት መዝገብ ጠንካራ መረጃ ነው። ነገር ግን የሚመዘግበው የተጓዘውን እንጂ መጓዝ የፈለገውን አይደለም።

በመቀመጫ ልክ ብቻ የሚሸጥ፣ 400 መቀመጫ ያለው ባቡር ዓርብ ማታ ሁልጊዜ 400 ትኬት ይሸጣል እንበል። ፈላጊው 410 ይሁን 700፣ መዝገቡ የሚያሳየው ያንኑ ቁጥር ነው። ትኬት አጥቶ በአውቶቡስ የሄደው ወይም ጉዞውን የሰረዘው የትም አልተጻፈም። በዚህ የሚተነብይ ሰው ተጨማሪ ፉርጎ አያስፈልግም ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው 400 ይመጣና ትንበያው የሠመረ ይመስለዋል። ክፋቱ ስህተቱ ራሱን የሚያረጋግጥ መሆኑ ነው።

ማጣራት የሚፈልግ ዓመታዊውን ድምር ትቶ የእያንዳንዱን ጉዞ ሽያጭ ከመቀመጫው ብዛት ጋር ያስተያይ። የብዙዎቹ ጉዞዎች ሽያጭ ከመቀመጫው ብዛት ጋር እኩል ከሆነ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ወንበር እንጂ ስለ ፈላጊው አይደለም። ትኬቱ ከመነሻው ስንት ቀን ቀድሞ እንዳለቀ፣ ፉርጎ በተጨመረባቸው ቀናትም ሽያጩ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይመልከት። ግማሽ ባዶውን ለሚሄድ ባቡር ግን፣ ዋጋውና ሰዓቱ እስካልተለወጠ ድረስ፣ የትኬቱ ቁጥር ከፍላጎቱ ብዙም አይርቅም።