የኪንግስተኑ መሐንዲስ፦ ከሹመቱ በፊት የነበረው ሥራ

ስለ ዋልተር ብሬዝዌይት የሚጻፉት አጫጭር የሕይወት ታሪኮች በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ። ከጃማይካ ተነሥተው አሜሪካ የገቡት እኚህ መሐንዲስ በአንድ ወቅት በቦይንግ ከፍተኛውን ሥልጣን የያዙ ጥቁር ኃላፊ ለመሆን መብቃታቸው በጉልህ ይጻፋል፤ ወደዚያ ያደረሳቸው ሥራ ግን ስለ ኮምፒውተር ንድፍ በምታወሳ አንዲት ሐረግ ይታለፋል። ስደተኛን ስናወድስ ልማዳችን ይኸው ነው፤ ከየት እንደተነሣና የት እንደደረሰ እናወራና በመሐል ያሉትን ዓመታት ምን ሲሠራ እንዳሳለፋቸው መጠየቅ እንረሳለን። ብሬዝዌይትን ያህል በዚህ ልማድ የተጎዳ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የሠሩት ነገር ዛሬም በየወርክሾፑ በሥራ ላይ ይገኛል።

ብሬዝዌይት የተወለዱት በ1945 ኪንግስተን ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጃማይካ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግም ከእያንዳንዱ ቅኝ ግዛት በዓመት ከ100 ሰው በላይ እንዳይቀበል ገድቦ ነበር። በሩን ከፈት ያደረገው ሕግ በ1965 ወጣ፤ ብሬዝዌይት በአሜሪካ ምህንድስና ተምረው ቦይንግ የተቀጠሩት በቀጣዩ ዓመት ነው። ጊዜው ተስማሚ ነበር። በዚያው በ1966 ፓን አም የተባለው አየር መንገድ 25 ግዙፍ 747 አውሮፕላኖችን በማዘዙ ኩባንያው ሠራተኛ ፍለጋ ላይ ነበር። ከ1969 እስከ 1971 ገበያው ሲወድቅ ቦይንግ ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አሰናበተ፤ ብሬዝዌይት ከቀሩት መካከል ነበሩ።

የመጀመሪያ ሥራቸው አውሮፕላን መንደፍ አልነበረም። የተመደቡት ክፍሎች በሚመረቱበት ዘርፍ ነው፤ ሥራቸውም አንድ ብረት ሲቆረጥ ወይም ሲበሳ ሳይነቃነቅ ጨብጦ የሚይዘውን መሣሪያ ማሰናዳት ነበር። በእኔ እምነት ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ንድፍ የሚሠራ ሰው ስሕተቱን ከወረቀቱ ላይ ላያየው ይችላል፤ መሣሪያ የሚያሰናዳው ሰው ግን ንድፉና ብረቱ አልገጥም ሲሉ በዓይኑ ያያል። የ747 ንድፍ ብቻ 75,000 ያህል ሥዕል ፈጅቷል፤ እነዚህ ሁሉ በእጅ የተሣሉ ነበሩ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ሲሻገሩም የሚያነብባቸው ሰው ነበር።

በ1970ዎቹ ኮምፒውተር ሲገባ ችግሩ መልኩን ቀየረ። እያንዳንዱ ፕሮግራም መስመርንና ቅስትን የሚመዘግብበት የራሱ ዘዴ ስለነበረው በአንዱ የተሠራውን ሌላው አያነብበውም። አስተርጓሚ ፕሮግራም ይሠራ ቢባል ሒሳቡ አያዋጣም፤ አሥር ዓይነት ፕሮግራም ላለው ኩባንያ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ ለማገናኘት 90 አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሁሉም ወደ አንድ የጋራ አጻጻፍ ቢጽፉና ከእርሱ ቢያነብቡ ግን 20 ይበቃል። ብሬዝዌይት የመሩት ቡድን ቦይንግ ውስጥ የሠራው ይህን የጋራ አጻጻፍ ነው። በ1979 መጸው ላይ የአሜሪካ መንግሥትና ኩባንያዎች ለአገር አቀፍ መስፈርት ሲሰበሰቡ የቦይንግ ሥራ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ሥራ ጋር ተዋሕዶ መነሻ ሆነ፤ ሰነዱም በጥር 1980 ወጣ። አይጀስ ይባላል። ብቻቸውን ሠሩት ማለት ሐሰት ይሆናል፤ የኮሚቴ ሥራ ነው፤ እንዲያውም የተረሳው ስለዚህ ይመስለኛል፤ ኮሚቴን ማን ያወድሳል?

አይጀስን በቅርብ ያየሁት በምሠራበት አነስተኛ የፕላስቲክ ማምረቻ ውስጥ ነው። የክዳን ሞልድ (ክዳኑ የሚቀረጽበትን ብረት) ለማሳደስ ፈልገን ንድፉን ከውጭ አምራች ብንጠይቅ የላኩልን ፋይል በእኛ ፕሮግራም አልከፈት አለ። በአይጀስ እንዲልኩልን ጻፍንላቸው፤ ላኩ፤ ተከፈተ። በነገሩ ተገርሜ ፋይሉን ተራ ጽሑፍ በሚያነብብ ፕሮግራም ከፈትኩት። ውስጡ ንጹሕ ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር 80 ቦታ ይዟል፤ 73ኛው ቦታ ላይ መስመሩ የየትኛው ክፍል እንደሆነ የምትናገር አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀምጣለች። ቀጥ ያለ መስመር 110 የሚል ቁጥር፣ የክብ ቅስት ደግሞ 100 የሚል ቁጥር አለው። ልኬቱ በሚሊሜትር መሆኑን የሚያመለክተው «2ኤችኤምኤም» (2HMM) የሚል ጽሑፍ ነው፤ 2 ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል የፊደል ብዛት ይናገራል፤ ኤች ደግሞ የአሜሪካን የ1890 የሕዝብ ቆጠራ በተበሳ ካርድ ያስቆጠረውን የኸርማን ሆለሪትን ስም ያስታውሳል። ሰማንያው ቦታም በኋላ አይቢኤም በ1928 ካወጣው ባለ 80 ቦታ የተበሳ ካርድ የተወረሰ ነው። የጀርመን ስደተኛ ልጅ የሆነው ሆለሪትና ከኪንግስተን የመጣው ብሬዝዌይት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የክዳን ንድፍ ላይ ተገናኙ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ ከአገር ወደ አገር የተሻገረ ሰው በቋንቋዎች መካከል መቸገርን ስለሚያውቅ ነው የጋራ አጻጻፍ ያሰበው ብሎ መጻፍ ያምራል። እኔ አልቀበለውም። ከጄኔራል ኤሌክትሪክ የመጡት መሐንዲሶችም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ነው የቀረቡት፤ ችግሩ ሁሉም ዘንድ ነበር። የስደተኛን ሥራ ከስደቱ ብቻ መተርጎም ሙያውን መንፈግ ነው። ብሬዝዌይት በሥራ ላይ እያሉ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ የሠሩት ጉዳዩ ስላስፈለጋቸው ነው።

አይጀስ እንከን የለበትም ማለቴም አይደለም። የተጠማዘዘ ገጽ ሲሻገር ጠርዞቹ ሳይገጥሙ ክፍተት ትተው ይመጣሉ፤ እኛም የክዳኑን ፋይል ስንከፍተው ሁለት ቦታ ላይ ክፍተቱን በእጅ መስፋት ነበረብን። ከ1994 ጀምሮ ስቴፕ የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ቦታውን እየወሰደ መጥቷል፤ የአይጀስ የመጨረሻ እትምም በ1996 ወጣ። ያም ሆኖ ፋይሎቹ አልጠፉም።

ቦይንግ ውስጥ ብሬዝዌይት የመሩት የኮምፒውተር ንድፍ ጉዞ ፍሬው የታየው በ777 ነው። በሰኔ 1994 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ይህ አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተነደፈ የመጀመሪያው የቦይንግ መንገደኛ አውሮፕላን ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ የፈረንሳዩ የዳሶ ሲስተምስ ምርት ቢሆንም፣ ኩባንያው ለዚያ የተሰናዳው ቀደም ባሉት ዓመታት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሹመቱ የመጣው፤ በ2000 የቦይንግ አፍሪካ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ በ2003 ጡረታ ወጡ። አፍሪካ ውስጥ የኩባንያው ነባር ደንበኛ ከ1962 ጀምሮ የቦይንግ ጄት የሚያበርረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። የቦይንግን ስም በበጎ ማንሣት በ2019 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ከደረሰው አደጋ ወዲህ ለኢትዮጵያዊ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ብሬዝዌይት ያኔ ኩባንያውን ከለቀቁ 16 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የአየር መንገዳችን የመጀመሪያው 777 ቦሌ የደረሰው በኅዳር 2010 ነው። የሚዲያ ዘገባዎቹ ስለ መቀመጫው ብዛትና ስለሚበርረው ርቀት በሰፊው ጻፉ። በማን ልፋት እንደተነደፈ የጠየቀ ዘገባ ግን አላየሁም።