ቡስተር ስለጨመሩ ብቻ ሮኬት እጥፍ አይሸከምም

ከደብረ ማርቆስ ለጻፉልን የፊዚክስ መምህር፦

መምህር፣ «ኤስኤልኤስ በ2 ቡስተር ወደ ጨረቃ ከሄደ፣ 4 ቢያስሩለት እጥፍ ይጭናል» ብለዋል። (ኤስኤልኤስ የናሳ ግዙፍ ሮኬት ነው፤ ቡስተር ደግሞ ሲነሳ እንዲገፋው በጎኑ የሚታሰር ረዳት ሮኬት ነው።) ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን ልክ አይደለም፤ ተማሪዎችዎም ይህን ይዘው እንዳያድጉ እፈልጋለሁ።

ዋናው ችግር ማሰሪያው ላይ ነው። ሁለቱ ቡስተሮች ሮኬቱ ሲነሳ ከጠቅላላው ግፊት ከ75 በመቶ በላይ ይሰጣሉ። ያ ኃይል ወደ መሃለኛው አካል የሚገባው በሁለቱ ነዳጅ ታንኮች መካከል ባለው ክፍል በኩል ነው። ክፍሉ የተሠራው ለ2 ነው። ጋሪ ላይ 4 ፈረስ ቢያስሩ ቀድሞ የሚሰበረው ጋሪው ነው። ላጠንክረው ካሉ ደግሞ ማጠንከሪያው ራሱ ክብደት ይሆናል።

እያንዳንዱ ቡስተር ከ700 ቶን በላይ ስለሚመዝን የማስወንጨፊያው መድረክም መቀየር አለበት።

ደግሞ የቡስተሮቹ ጠጣር ነዳጅ አንዴ ከተለኮሰ አይጠፋም፤ በ2 ደቂቃ ገደማ ነድዶ ያልቃል። ትርፉ ግፊት የሚመጣው አየሩ ገና ወፍራም በሆነበት ከፍታ ነው፤ እዚያ መፍጠን ሮኬቱን ያስጨንቀዋል። የቀረውን መንገድ የሚሄዱት ያው መሃለኛውና የላይኛው ክፍል ናቸው።

«አትላስ 5» የተባለው ሮኬት እስከ 5፣ «ቩልካን» የተባለው ደግሞ እስከ 6 ቡስተር ያስራሉ። እነሱ ግን ሲነደፉ ጀምሮ ለዚያ የታሰቡ ናቸው።