ግንዛቤ ያነሰው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር አንድ አዳራሽ ውስጥ ተጎልቼ ዋልኩ። ፊት ለፊት ባነር፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ። ርዕሱ የማህፀን በር ካንሰር ነው። ኤችአይቪ በደማችን ያለ ሴቶች ደግሞ «ተወካይ» ተብለን ከኋላ ተደርድረናል። አንድ ኃላፊ ማይኩን ተቀበሉና ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቋጩት፦ «እናቶቻችን ለምርመራ የማይመጡት የግንዛቤ እጥረት ስላለባቸው ነው።»

ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ውሳኔውን ነገሩን። እስካሁን መድኃኒት ከምንወስድበት ክፍል አጠገብ ይሰጥ የነበረው የማህፀን በር ምርመራ ግቢው ማዶ ወዳለው ሕንፃ ሄዷል። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚሰጠው። የራሱ ካርድ ይወጣለታል። «አሠራሩን ለማዘመን» ነው አሉ። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም የምታከመው እዚያው ነው። ስሜንም አልጽፍም። ጎንደር ትንሽ ናት። ፒያሳ ያስነጠሰ ሰው አዘዞ ላይ «ይማርህ» ይባላል።

ከውሳኔው በላይ ያንጨረጨረችኝ ግን ያቺ ቃል ናት። ቆሻሻ ሲከመር የማኅበረሰቡ ግንዛቤ። ቧንቧ ሲደርቅ ግንዛቤ። ክፍሉ ተቆልፎ ሲውል የታካሚው ግንዛቤ። እስካሁን ግንዛቤ ያነሰው ኃላፊ አላጋጠመኝም። ሁሌም የሚያንሰው ማይክ ላልያዘው ሰው ነው።

እስቲ ስለ ማን እንደሚያወሩ ይወቁት። እኔ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመርኩት በ2001 ዓ.ም. ነው። በአገሪቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ አራት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ6,000 በላይ ምሽት ኪኒኔን ውጫለሁ። ለቅሶ ቤት አድሬ ውጫለሁ። ከተራ ዕለት ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ስናድር፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ይዤ፣ በጨለማ ያለ ውሃ ውጫለሁ። አጠገቤ የምትሰለፈው ሴት የምትመጣው ከቆላ ድባ ነው። እዚያም ጤና ተቋም አለ፤ ግን የሚያውቃት ይበዛል። ስለዚህ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ገና ሳይነጋ ትነሳለች። ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች። የተለጠፈውን ወረቀት ትልጠዋለች። በፌስታል ጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ ከበርበሬው ሥር ትቀብረዋለች። ስሟን መጻፍ አትችልም። ቫይራል ሎድ፣ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ምን እንደሆነ ግን ጠይቋት። «ቫይረሱ በምርመራ ካልታየ ለባሌ አላስተላልፍም» ትላችኋለች።

እንግዲህ ግንዛቤ የላትም የተባለችው ይቺ ናት።

ስለ ሌላኛው ቫይረስ፣ የማህፀን በር ካንሰር ስለሚያመጣው ስለ ኤችፒቪ፣ አታውቅም፤ እውነት ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ማን ነግሮን? በየቀጠሮው አራት ጥያቄ እንጠየቃለን። ሳል አለሽ? ትኩሳትስ? ሌሊት ያልብሻል? ክብደት ቀንሰሻል? ለቲቢ ነው፤ ደግ አደረጉ። በዚህ ጥያቄ ስንት ሰው ተርፏል። አምስተኛ ጥያቄ መጨመር ግን ምን ያህል ይከብዳል? «የማህፀን በርሽ መቼ ታየ?» ስድስት ቃል እንኳን አትሞላም።

ብትጠየቅ ኖሮ ወሬው ይጀመር ነበር። ኤችፒቪ ከ200 በላይ ዓይነት አለው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ሰውነቱ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል፤ መያዙንም ሳያውቅ ያልፋል። እኛ ላይ ግን ቶሎ አይወጣም፤ ይከርማል። መዘዙም ከመክረሙ ነው። 16 እና 18 የሚባሉት ሁለት ዓይነቶች ብቻ ከ100 የማህፀን በር ካንሰር 70 ያህሉን ያመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ኤችአይቪ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ 6 እጥፍ ነው። ሌላዋ ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚወስደው ነገር፣ ኤችአይቪዋ ካልታከመ ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ከተፍ ሊል ይችላል። ምርመራው ለሌላው በ30 ዓመት ይጀመር ሲባል ለእኛ በ25 ይሁን የተባለውም ለዚህ ነው። ኤችፒቪን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ያለው አማራጭ የኤችአይቪውን ኪኒን በአግባቡ መዋጥና ማህፀን በር ላይ የተለወጠውን ቦታ ቀድሞ አግኝቶ ማንሳት ነው። ቀድሞ!

የእኔን ልንገራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት ኪኒኔን ልወስድ ሄጄ ነርሷ «እግረ መንገድሽን ታዪ፤ ክፍሉ ይኸው ነው» አለችኝ። በጣቷ አጠገቧ ያለውን በር አሳየችኝ። ግቢው ማዶ ብትለኝ አልሄድም ነበር፤ አልዋሽም። ልጄ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

አልጋው ላይ ወጣሁ። «ሲስተር፣ ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«አቼቶ ነው እናቴ። ሰላጣ ላይ እንደምናደርገው።»

ቀጠን ያለ አቼቶ በጥጥ ነካ ነካ አደረገችበትና ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ጤነኛው ቦታ መልኩን አይቀይርም። የተለወጠው ነጭ ይሆናል። የእኔ ነጭ ሆነ።

ካንሰር አልነበረም፤ ቅድመ ካንሰር ነው። በማቀዝቀዝ ይታከማል፤ ክራዮ ይሉታል። ጋዙ አልቋል ተባልኩ። በወሩ ተመለስኩ። ጋዙ መጥቷል፤ የሠለጠነችው ሲስተር ግን ተዛውራለች። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ጋዝና ሰው ተገናኝተው ጠበቁኝ። ሥራው ከሩብ ሰዓት አላለፈም። መሃል ላይ የጠፋው ግን ሦስት ወር ነው። ሦስቱንም ጊዜ ግንዛቤዬን ይዤ ነበር የሄድኩት።

ከሕክምናው በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም አዳራሽ ውስጥ አያነሳውም። ለአራት ሳምንት ያህል እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ይወርዳል። ለአራት ሳምንት ግንኙነት የለም፤ ካልተቻለም ያለ ኮንዶም አይሆንም። በዓመቱ ተመልሶ መታየት አለ፤ እኛ ላይ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህን ሁሉ ለባል አስረጂ ተባልሽ እንበል። «ደግሞ ሌላ ቫይረስ? ከየት መጣ?» አለኝ የእኔው። ኤችፒቪ ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ከማን መጣ፣ መቼ መጣ የሚለውን ማንም ሊነግርህ አይችልም። ይህን ቁጭ አድርጎ የሚነግረው ባለሙያ አልነበረም። ቡና አፍልቼ እኔው ነገርኩት። አቦል ላይ ጀምሬ በረካ ላይ ነው የገባው።

የኪንታሮት ስምም ራሱ ጣጣ አለው። 6 እና 11 የሚባሉት የኤችፒቪ ዓይነቶች ብልትና ፊንጢጣ አካባቢ ኪንታሮት ያወጣሉ። ካንሰር አምጪዎቹ እነሱ አይደሉም፤ ግን አቅም በደከመበት ሰው ላይ ይበዛሉ፣ ታክመውም ይመለሳሉ። በአማርኛችን ደግሞ የፊንጢጣ ደም ሥር እብጠቱም ኪንታሮት፣ ይሄም ኪንታሮት። አብሮን መድኃኒት የሚወስድ አንድ ሰው «ኪንታሮት እናድናለን» የሚል ቆርቆሮ አይቶ ገባ። የተቀባው ነገር ቆዳውን ገሽልጦት ሁለት ሳምንት ቆሞ በላ። እሱም ግንዛቤ አንሶት ይባል ይሆናል። ለሁለት በሽታ አንድ ስም የሰጠነው እኮ ሁላችንም ነን። እሱ ያነበበውን አመነ።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ደህና የሆነ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት ነው ተቆጥሮ የሚሰጠው። ስለዚህ በዓመት የምታገኙን ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን! በእነዚያ ሁለት ቀናት እግራችን እናንተው ደጃፍ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠናል፣ ካርዳችን ወጥቷል፣ ስማችን ተጠርቷል። ያን ጊዜ ሳትነኩን ትሸኙንና ሐሙስ ኑ ትሉናላችሁ። ቀጠሮዋ ሰኞ የሆነ የቆላ ድባ ሴት ምን ታድርግ? አልጋ ይዛ ትደር? በማን ብር? ጎረቤቷን አንዴ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብላ ወጥታለች። በሳምንት ለሁለት መንገድ የሚበቃ ውሸት ከየት ታምጣ? እዚያው ወንበሩ ላይ ብትጠየቅ ከአሥር ዘጠኟ እሺ ትላለች። ጥናት አልሠራሁም። ወንበሩ ላይ ግን 17 ዓመት ተቀምጫለሁ።

የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። ታኅሣሥ 1 ቀን 2001 ዓ.ም. ስቶክሆልም ውስጥ የሕክምና ኖቤል ለሦስት ሰዎች ተሰጠ። ግማሹ ለጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውሰን፤ የማህፀን በር ካንሰር ከኤችፒቪ እንደሚመጣ ስላሳዩ። ግማሹ ለፈረንሳዮቹ ፍራንሷዝ ባሬ-ሲኑሲ እና ሉክ ሞንታኜ፤ ኤችአይቪን ስላገኙ። ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ ቀን፣ አንድ መድረክ ላይ ተሸለመባቸው። እኔ ኪኒን በጀመርኩበት ዓመት መሆኑ ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን አንዱ ግቢው ወዲህ፣ ሌላው ግቢው ወዲያ ተባሉ። አንዱ በየቀኑ፣ ሌላው ሐሙስ። በእኛ ሰውነት ውስጥ ግን ሐሙስን አይጠብቁም።

ሴት ልጆቻችንንም ተመልከቱ። የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጠ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ኤችአይቪ ላለባት ልጅ አንድ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ይሁን ነው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆማ «እኔ ሁለተኛ ያስፈልገኛል» ትበል? መምህሯ ፊት? ይህች ልጅ የምትታወቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኪኒን የምትወስድበት ክፍል። መርፌውም እዚያው ይሁን። እዚህም መልሱ ያው አንድ ክፍል ነው፤ ምን ላድርግ።

በሻይ እረፍት አንዱ «መገለል እንዳይደርስባችሁ ብለን ነው የለየነው» አለኝ። ይሄኛውስ ይባስ። ከዚያ ክፍል ወጥታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ሌላ ካርድ ይዛ የምትሰለፍ ሴት ከየት እንደመጣች ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ገላለጣችሁን እንጂ ምኑን ሸሸጋችሁን?

ሲስተሮቹ ሥራ እንደበዛባቸው አውቃለሁ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም የኮንትራት ሠራተኞች ተበትነው ሥራው በቀሩት ትከሻ ላይ ወድቋል። ይህን እቀበላለሁ። ግን ሁለት ካርድ፣ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ሕንፃ ሥራ ይቀንሳል ያለው ማን ነው? ጋዝ አለቀ ከሆነም፣ ጋዝ የማይፈልግ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ቦታውን በሙቀት የሚያክም መሣሪያ ከመጣ ዓመታት ሆነው። ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ ብቻ። የዚያን የአዳራሽ ቀን አበል ስንት ጠርሙስ አቼቶ እንደሚገዛ ቁጭ ብዬ አስልቻለሁ። ቁጥሩን ልተወው።

ሰልፋችን ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ኪኒኗን አንድ ቀን አታሳልፍም። ቫይረሷም በምርመራ አይታይም ነበር። ደም ሲፈሳት ማረጥ ነው ብላ ቆየች። ካንሰሩ ሲታወቅ ከማህፀን በሯ አልፎ ሄዶ ነበር። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ እሷም ወረፋ ይዛ እዚያ ዘመድ ቤት ተቀመጠች። ተራዋ ሳይደርስ አረፈች። ኤችአይቪ አልገደላትም። ለመድኃኒቷ ስትመጣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያ በር ፊት ትቀመጥ ነበር።

የእኔ ቀጠሮ ጥር 19 ነው፤ ማክሰኞ። ድጋሚ የምታይበት ጊዜም ደርሷል። ኪኒኔን እወስድና የድሮው በር ላይ ቁጭ እላለሁ። ሐሙስ ነው ካሉኝ፣ ግንዛቤ የለኝም እላቸዋለሁ።