ቀሪውን ማን ይሙላው?

ሐኪሞች «እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው ስምምነት ግን ለወሊድ ፈቃድ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ 14 ሳምንት ነው። ቀሪውን ማን ይሙላው?

ስብሰባ መሀል ጡቴ ሞልቶ ሸሚዜ ራሰ። ፋይሉን ደረቴ ላይ ለጥፌ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ አለብኩ። ልጄ የሚጠጣውን ወተት እኮ ነው፣ ሽንት ቤት ውስጥ! ማታ ስገባ ተኝቶ አገኘሁት።

አለቃዬ ደግሞ «ትኩረትሽ ቀንሷል» ይለኛል። ባለቤቴን «ልጁን ማን ያዘልህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አንድም ቀን።

በሩ የሚቆለፍ ንጹህ ክፍል፣ አንድ ወንበር። ይህን መጠየቅ ቅንጦት ነው እንዴ?