ዶላሩን ቆጠርነው፣ ስዕሉንስ አየነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ ስሙኝ።

በ2023 መገባደጃ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኒውዮርክ ውስጥ፣ በሶዝቢስ ጨረታ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሠዓሊ የጁሊ ምህረቱ አንድ ስዕል በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እስከዚያን ቀን አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ሠዓሊ ሥራ በጨረታ ይህን ያህል አውጥቶ አያውቅም። ያን ሰሞን ስልኬ እረፍት አጣ። በቤተሰብ ግሩፕ፣ በሰፈር ግሩፕ፣ በዕቁብ ግሩፕ ሳይቀር ዜናው ይመጣል። "የኛ ልጅ!" ባንዲራው፣ እሳቱ፣ ጭብጨባው። አንድ ዘመዴ ወደ ብር መንዝሮ ላከልን። ከዚያ አንዱ የስዕሉን ፎቶ ለጠፈ። ግሩፑ ጭጭ አለ። ትንሽ ቆይታ አክስቴ፣ "ይሄ ነው እንዴ? ይሄንማ የኔም ልጅ ይሞነጫጭረዋል" ብላ ጻፈች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

ቁጣዬ እዚህ ላይ ነው። ባንድ አፍ "የኛ ናት"፣ በዚያው አፍ "ሙንጭርጭር ነው" ይባላል? ሙንጭርጭር ከሆነ ኩራቱ ከየት መጣ? የሚያኮራ ከሆነ ደግሞ ማነው ከመካከላችን አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ያየው? በሰው ወርቅ አይደምቁ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እኛ ጭራሽ ወርቁን እንኳ ሳናይ በደረሰኙ ደመቅን። ደረሰኙም የሷ አይደለም። እንዲህ ባለ ጨረታ ሻጩ ብዙ ጊዜ ሥራውን ቀድሞ የገዛው የስዕል ሰብሳቢ ነው። ስዕሉ የ2008 ሥራ ነው። "ሚሊየነር ሆነች" እያላችሁ ስትጽፉ የነበራችሁ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ የምትሉት ሰው ሌላ ነበር።

ጁሊ በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ አሰፋ ምህረቱ የጂኦግራፊ ምሁር፣ እናቷ አሜሪካዊት አስተማሪ ናቸው። በ1977 ቤተሰቡ አገር ጥሎ ወጣ። ያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ምን ጊዜ እንደነበር ለእናንተ አላስረዳም። ሚሺጋን አደገች፣ ሴኔጋል ዳካር ሄዳ ተማረች፣ በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ማስተርሷን ያዘች። ሽልማቶቿን እዘላለሁ፤ እነሱንማ ሼር አድርጋችኋቸዋል።

አሠራሯን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩ። በብዙ ሥራዎቿ መጀመሪያ ሸራው ላይ የሕንፃ ንድፍ በቀጭን መስመር ይሳላል። ዓምድ፣ ቅስት፣ መስኮት፣ የከተማ ካርታ። በላዩ ላይ ውሃ የመሰለ፣ አክሪሊክ የሚባል ሽፋን ይደረብና ሲደርቅ እንደ መስታወት እስኪለሰልስ ይፈገፈጋል። እንደገና ንድፍ፣ እንደገና ሽፋን። ከዚያ በኋላ ነው የራሷ እጅ የሚመጣው፤ አጫጭር የቀለም ጭረቶች፣ አንዳንዴ እንደ ጢስ፣ አንዳንዴ ግር ብሎ እንደሚሸሽ ሕዝብ። ከሩቅ ደመና ነው። ጠጋ ስትሉ ከደመናው ሥር አንድ መስኮት ብቅ ይላል።

በ2012 "ሞጋማ" የሚባል ባለአራት ክፍል ሥራ ሠራች። እያንዳንዱ ሸራ ቁመቱ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሞጋማ ካይሮ ታህሪር አደባባይ ላይ ያለ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረ ግዙፍ ሕንፃ ነው፤ የካይሮ ሰው ለአንዲት ማህተም ሲመላለስ ዕድሜውን ይጨርስበት የነበረ። ቀበሌ ሄዶ "ፋይልዎ የለም" የተባለ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ስዕሉ ውስጥ የዚያ ሕንፃ ንድፍ ከሌሎች አደባባዮች ንድፍ ጋር ተደራርቧል። ከአደባባዮቹ አንዱ መስቀል አደባባይ ነው። አዎ፣ የኛው። ደመራ የምናቆምበት፣ በአብዮት አደባባይነቱ ዘመን ተሰልፈን መፈክር ያሰማንበት። ጀርመን፣ ካሰል ከተማ ዶኩሜንታ በሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ቀርቦ ስንቱ ፈረንጅ ፊቱ ቆሞ አየው። በልጅነቷ ከዚህ ከተማ የወጣች ልጅ መስቀል አደባባይን ሸራ ላይ አስቀምጣ ስትጠብቀን፣ እኛ ዶላር እንመነዝራለን።

"ልጄም ይሞነጫጭረዋል" ላለችው አክስቴ ደግሞ፦ እሺ፣ ይሞነጫጭር። ጁሊ ለሳንፍራንሲስኮ ሙዚየም የሠራቻቸው ሁለት ስዕሎች እያንዳንዳቸው ከስምንት ሜትር በላይ ቁመት፣ አሥር ሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው የተሠሩት። ያን የሚያህል ሸራ ፊት ቆሞ የሚሞነጫጭር ልጅ ካለሽ፣ በማርያም፣ ወረቀት አትከልክይው። እኔ ቤታችሁ ስመጣ የምሰማው "ደብተር አታበላሽ!" የሚለውን ነው።

"ምን ማለት ነው?" የምትለዋን ጥያቄም ተዉአት። ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ስትገዙ፣ "ይሄ ጥለት ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ሸማኔውን ታፋጥጣላችሁ? ቀዩ ከአረንጓዴው ጋር ሲገጥም ታያላችሁ፣ ደስ ይላችኋል ወይም አይላችሁም፣ ዋጋ ትከራከራላችሁ። ጥለት ላይ የሠራው ዓይናችሁ ሸራ ላይ ሲደርስ ለምን ይታወራል?

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርዱ ስድስት ኪሎ ላይ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም አለ። ጁሊ በ2016 ሥራዎቿን ይዛ መጥታ ያሳየችው እዚያ ነው። ስንቶቻችን ሄድን? ገብረ ክርስቶስስ ቢሆን? ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ አብስትራክት ስዕልን፣ ነገሩን እንዳለ የማይቀዳውን፣ ያስተማረን ሰው፣ በስደት ኦክላሆማ ውስጥ በ1981 አረፈ። ስለ አገሩ የጻፈውን ግጥም በየበዓሉ እናነበንባለን። ስዕሎቹ ደግሞ በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ላይ ተሰቅለው አሉ።

ገንዘብ ከወደዳችሁ አንድ ሌላ የገንዘብ ወሬ ልንገራችሁ። በ2024 ጁሊ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ለኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ሰጠች። ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች የሆኑ ሁሉ በነፃ ገብተው እንዲያዩ። ይቺ ዜና የዕቁብ ግሩፓችን አልደረሰችም።

አድንቁ አላልኩም። እዩ ነው ያልኩት። ባለፈው አንድ ጓደኛዬን ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቼ "ሞጋማ"ን አሳየሁት። ምንም አልነገርኩትም። እያቀረበ፣ እያራቀ፣ ግማሽ ሰዓት አየ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ከዚያ፣ "አልወደድኩትም" አለኝ። "መተንፈሻ የለውም። ማታ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ የቆምኩ ነው የመሰለኝ፤ ሰዉ ከኋላ ይገፋል፣ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።"

ሌላ ማኪያቶ አዘዝኩለት። ሂሳቡንም እኔ ከፈልኩ።