ሥራውን ሰጥተን ውሳኔውን ስንይዝ

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ።» ጎንደር ውስጥ ጉዳይ ይዞ ቢሮ የሄደና ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከአዘዞ ታክሲ ተሳፍሮ የመጣ ሽማግሌ አለ። ልጇን አዝላ የቆመች እናት አለች። ወረቀቱ ተሟልቷል። ባለሙያዋም ጠረጴዛዋ ላይ አለች፤ ጉዳዩን አሳምራ ታውቀዋለች። የቀረው አንድ ፊርማ ነው፤ እሷ ደግሞ እንድትፈርም አልተፈቀደላትም።

ይህን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ነው። ሙሴ ሕዝቡን ከግብፅ አውጥቶ ምድረ በዳ ሰፍሯል። አማቱ ዮቶር፣ የምድያም ካህን፣ ሊጠይቀው ይመጣል። በማግስቱ ሙሴ ሊፈርድ ይቀመጣል፤ ሕዝቡም ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱ ቆሞ ይውላል። ዮቶር ነገሩን አልወደደውም። ይህ የምታደርገው መልካም አይደለም ብሎ ፊት ለፊት ነገረው።

ስለዚህ ምዕራፍ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የሙሴን ድካም ነው። ዮቶር ግን አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ነው ያለው። ቆሞ የዋለውም ሰው ድካም ተቆጥሯል። እኛ ሁሉን ጠቅልሎ የያዘውን ሰው «ታታሪ ነው፣ ዕረፍት አያውቅም» እያልን እናመሰግናለን። በር ላይ ቆሞ የዋለውንስ ማን ይቁጠርለት?

ምክሩ ራሱ ደግሞ ልብ ይባልልኝ። የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች ሹም፤ ቀላሉን ነገር እነሱ ይፍረዱ፣ ከባዱን ወደ አንተ ያምጡት አለው። ይፍረዱ ነው ያለው። ወረፋ ያስከብሩ፣ ወረቀት ይቀበሉ አላለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የምንል ሰዎች ነን፤ ሥራ ማካፈል አልጠፋብንም። ያቃተን ውሳኔውን መስጠት ነው።

ቤታችንም ያው ነው። ድግስ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ዶሮ ትገነጣጥላለች፣ ልጆቹ ውኃ ይቀዳሉ። በርበሬው ምን ያህል እንደሚገባ፣ ጨው መቼ ጣል እንደሚደረግ፣ የትኛው ጋን ቀድሞ እንደሚከፈት የሚያውቁት ግን እናትየው ብቻ ናቸው። ማንኪያው ከእጃቸው አይወጣም። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ፣ ወልዳ ከብዳ፣ አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ብቻዋን ሠርታ አታውቅም። እናትየው የታመሙ ዕለት ቤቱ ግራ ይገባዋል። ያኔ ልጅቷን «ባለሙያ አይደለሽም» ማለት ግፍ ነው።

«የሚታመን ሰው የት አለ?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የበታቹ ቢሳሳት የሚጠየቀው ኃላፊው ነውና ፍርሃቱ ይገባኛል። ዮቶርም ላገኘኸው ሁሉ አድል አላለም። አዋቂ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የታመነ፣ ጉቦ የሚጠላ ሰው ምረጥ አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሥርዓቱን አስተምራቸው አለ። እኛ የዘለልነው ይህችን ነው። ሳናስተምር ቆይተን የሚታመን ጠፋ እንላለን።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ ከዚህም ይሻገራል። በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገኖች መበለቶቻችን በየዕለቱ ዕደላ ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ሰባት ሰው ምረጡ አሉ፤ ምርጫውን ለሕዝቡ ተዉት። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። እኔ እንደሚገባኝ፣ ማዕዱ ለቅሬታ አቅራቢው ወገን ተሰጠ። ከሰባቱ አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ ሹመቱን ጥቅምት 17 እናከብራለን። ቅሬታ ያነሳን ሰው ኃላፊነት መስጠት ዛሬ ስንቱ ቢሮ ይደፍረዋል?

እኛ ጋ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ የየሰፈሩ ወጣት መንገዱን ይጠርጋል፣ ምንጣፉን እየጠቀለለ ወደ ፊት እየሮጠ ያነጥፋል። በእያንዳንዱ እርምጃ ፈቃድ አይጠይቅም። የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው። ጽዋው ለተረኛው ከተሰጠ በኋላ «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ ሰብሳቢ እንኳ ተረኛው ቤት ገብቶ ድግሱን አይመራም።

ስለዚህ ከዕድሮቻችን ብንጀምር ደስ ይለኛል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ መጋዘን ይቆለፍበትና ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ይገባል። ሰብሳቢው ባሕር ዳር በሄዱበት ሌሊት ሰው ቢሞት ልቅሶ ቤቱ ያለ ድንኳን ያነጋል። ሁለት ተጨማሪ ሰዎች ይመረጡ፣ ቁልፍ ይያዙ። ሳይጠይቁ የሚያወጡት የገንዘብ ልክ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ያቅርቡ። ቢሮዎችም ኃላፊው በሌለበት የሚፈርመውን ሰው በጽሑፍ ወክለው ስሙን በሩ ላይ ይለጥፉ። ከአዘዞ የመጣው ሽማግሌ ያን አንብቦ በዚያው ቀን ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል።