ክርክር፦ ኤስኤስአይ በተራ የኤችቲኤምኤል ገጾች ላይ ይከፈት?

ድረ ገጾችን ለጎብኚዎች የሚያቀርበው ሶፍትዌር፣ አፓቼ ሰርቨር፣ የገጾችን የጋራ ክፍል ከሌላ ፋይል እያስገባ የሚልክበት ኤስኤስአይ፣ በተለምዶ የሚሠራው ቅጥያቸው (የስማቸው መጨረሻ) ኤስኤችቲኤምኤል (.shtml) በሆነ ፋይሎች ላይ ነው። ክርክሩ በተራ የኤችቲኤምኤል (.html) ገጾችም ላይ ይሥራ ወይስ አይሥራ የሚል ነው።

ደጋፊ፦ በገጾች ግርጌ ያለ ስልክ ቁጥር በተቀየረ ቁጥር መቶ ፋይል ከፍቶ ከማረም፣ ግርጌውን በአንድ ፋይል አስቀምጦ ከየገጹ በአንድ መስመር መጥራት እንደሚሻል የምንለያይ አይመስለኝም። ይህን ለማግኘት ግን ቅጥያውን ለውጡ ማለት፣ ለዓመታት በፍለጋ የተመዘገቡትንና ሌሎች ድረ ገጾች የጠቀሷቸውን አድራሻዎች ማፍረስ ነው። በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ የኤስኤስአይን ትእዛዞች የሚፈጽመው የ«ኢንክሉድስ» ማጣሪያ ለኤችቲኤምኤልም እንዲሠራ ማዘዝ ይበቃል።

ተቃዋሚ፦ ማዘዙ ቀላል ነው። ነገር ግን ሰርቨሩ እንዳለ አንሥቶ ይልከው የነበረውን እያንዳንዱን ገጽ፣ ምንም የኤስኤስአይ ትእዛዝ ባይኖርበት እንኳ፣ በተጠየቀ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ሊመረምረው ይገደዳል፤ የአፓቼ መመሪያ ራሱ ይህን መንገድ የማይመክረው ስለዚህ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ በኤስኤስአይ ያለፈ ገጽ መጨረሻ የተሻሻለበት ቀን በነባሪው አብሮት አለመላኩ ነው። ብሮውዘሩ ገጹ ከዚያ ወዲህ ተለውጦ እንደሆነ መጠየቅ ስለማይችል ያልተለወጠውንም እንደገና ያወርዳል፤ ዳታ በጥቅል ለሚገዛ አንባቢ ይህ እንደዋዛ የሚታይ አይደለም።

ደጋፊ፦ ለዚህማ «ኤክስቢትሃክ» የሚባል የአፓቼ ቅንብር አለ። የማስፈጸም ፈቃድ የተሰጣቸውን ፋይሎች ብቻ ይመረምራል፤ «ፉል» ተብሎ ሲዋቀር ደግሞ ፈቃዱ ከባለቤቱ ሌላ ለፋይሉ የተጠቃሚዎች ቡድንም ለተሰጠ ፋይል ቀኑን ይልካል። የደኅንነቱንም ስጋት ሳይነሣብኝ ልመልስ፦ ጎብኚዎች የሚጽፉት አስተያየት በገጹ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ በሰርቨሩ ላይ ፕሮግራም የሚያስነሣው የ«ኤግዜክ» ትእዛዝ ሾልኮ ሊገባ ይችላል፤ ይህን በር «ኢንክሉድስ ኖኤግዜክ» የሚባለው ቅንብር ይዘጋዋል።

ተቃዋሚ፦ በሩን መዝጋቱን እቀበላለሁ። የሚላከው ቀን ግን የገጹ ፋይል ነው እንጂ የግርጌው አይደለም። ስለዚህ እርስዎ ያነሡት ስልክ ቁጥር በግርጌው ፋይል ሲቀየር የገጹ ቀን ባለበት ይቆማል፤ ሰርቨሩም ተመልሶ ለመጣው አንባቢ «304፣ አልተለወጠም» ብሎ ይመልስና ሰውየው በአሮጌው ቁጥር ይደውላል። ኤስኤስአይን ያስፈለገውን ጉዳይ ያበላሸው እንግዲህ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ደግሞ ኤክስቢትሃክ ጭራሹን አይሠራም።

ደጋፊ፦ ግርጌው በተለወጠ ጊዜ የገጾቹን ቀን በ«ተች» ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ማደስ ይቻላል።

ተቃዋሚ፦ መቶ ገጽ በትእዛዝ የሚያድስ ሰው፣ በአጭር ስክሪፕት ግርጌውን በየገጹ አስገብቶ የተጠናቀቀ ኤችቲኤምኤል ማስቀመጥ አያቅተውም፤ ሰርቨሩም አንድ መስመር ሳይመረምር ከትክክለኛው ቀን ጋር ይልከዋል።